ሽቦ ሳይቆረጥ፦ አንድ አሮጌ አርኬድ ማሽን የቤት ጌም ማጫወቻ የሆነበት ጉዳይ

አርኬድ ማሽን ማለት በሳንቲም የሚሠራ፣ ሰው ቆሞ የሚጫወትበት ትልቅ የጌም ማሽን ነው። አሜሪካ ውስጥ አሮጌውን ገዝቶ ኮምፒውተር የሚከትበት ሰው ሞልቷል። ብዙዎቹ ሥራውን የሚጀምሩት በፒንሳ ነው። ስክሪኑን ያወጣሉ፣ የውስጡን ሽቦ ይበጥሳሉ፣ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይገጥሙና በቃ። የዚህ ጉዳይ ባለቤቶችም ሊያደርጉ ያሰቡት ይህንኑ ነበር። በመጨረሻ ግን አንዲት ሽቦ ሳይቆርጡ ጨረሱት። ጉዳዩን የመዘገብኩት በዚህ የተነሳ ነው። ሰዎቹን በስም አልጠራም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ባለቤቱ ሜሪላንድ የሚኖሩ ስልሳን የተሻገሩ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ማታ ማታ ፒዛ ቤት ይሠሩ ነበር። ጥግ ላይ አርኬድ ማሽን ቆሞ ነበር። ስትሪት ፋይተር 2 የሚባለው የውጊያ ጌም በ1991 ሲወጣ ከቲፕ የተረፈቻቸው ኳርተር (25 ሳንቲም) ሁሉ እዚያ ገባች። ይህንን ሲያወሩ ዛሬም ፈገግ ይላሉ። አዲስ አበባ እያሉ የሚያውቁት ጆተኒ ብቻ ነበር።

ማሽኑን ያገኙት ከተዘጋ ቦውሊንግ ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ ነው። ዋጋው 200 ዶላር። ሻጩ «ይበራል፣ ሌላውን አላውቅም» ብሎ አስረከበ። እንዲህ ዓይነት ማሽን ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከኋላው ከባድ የመስታወት ቱቦ ስላለው ሚዛኑም ወደ ላይ ነው። ቤዝመንት ለማውረድ መጀመሪያ ጆይስቲኮቹ ያሉበትን ሰሌዳ መፍታት ግድ ሆነ። በደረጃው ያለፈው በጣት ርቀት ነው።

ልጃቸው የኮሌጅ ተማሪ ነው። ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ ነው፤ ሽቦ ላይ ግን ጀማሪ። የእሱ ዕቅድ ግልጽ ነበር፦ ጠፍጣፋ ስክሪን፣ ራስበሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ብዙ ሺህ ጌም። «አባዬ፣ ይሄ ስክሪን እኮ ሞቷል፤ አውጥተን እንጣለው» ይላል። አባትየው ደግሞ «ያኔ የነበረውን ነው የምፈልገው» ይላሉ። እኔ የተጠራሁት የድሮ ቴሌቪዥን መጠገን ስለማውቅ ነው።

ማሽኑ ሲከፈት

ቁልፍ አልነበረም። የኋላ በሩን ቁልፍ በድሪል በስቶ ማውጣት የተለመደ ነው፤ አዲሱም ርካሽ ነው። ውስጡ አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ ከሳንቲም ሣጥኑ ያመለጡ ኳርተሮች። ካቢኔቱ (የማሽኑ ሣጥን) ቺፑድ ነው። ቦውሊንግ ቤቱ ወለሉን ውኃ እየደፋ ሲያጥብ ስለኖረ ከታች እንደ ዳቦ አብጦ ነበር።

ዋናው ግኝት ግን ሌላ ነው። ሽቦው ሁሉ በአንድ ረጅም ማገናኛ ላይ ያልቃል። ይህ ጃማ የሚባለው ነው። የጃፓን የጌም ማሽን አምራቾች ማኅበር ከ1985 ጀምሮ ያስፋፋው ስታንዳርድ ነው፤ ስሙም ከማኅበሩ የመጣ ነው። በአንድ ጎን 28፣ በሌላው 28፣ በድምሩ 56 ቦታ አለው። ኮረንቲ፣ የስክሪን ሲግናል፣ ድምፅ፣ ሳንቲም፣ ጆይስቲክ፣ ቁልፎች፦ ሁሉም በዚያ በኩል ያልፋሉ። አንዱን የጌም ቦርድ ነቅለህ ሌላውን ትሰካለህ፤ ማሽኑ ሌላ ጌም ይሆናል። ማሽን ቤቶች በአንድ ካቢኔት ጌም እየቀያየሩ የኖሩት በዚህ ዘዴ ነው።

ስክሪኑ ባለ 19 ኢንች ዌልስ ጋርድነር ኬ7000 ነበር። በአሜሪካ ማሽኖች ውስጥ በብዛት የሚገኝ ነው፤ መለዋወጫውም አልጠፋም። ሲበራ ምስሉ ከላይ ተጣጥፎ ይታያል፣ ጎኑ ይወዛወዛል፣ ቀለሙም ፈዟል። «ሞቷል» የተባለው ይህ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ግን የሞት ምልክት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የደረቁ ካፓሲተሮች (ኮረንቲ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ የሰርኪት ክፍሎች) ናቸው።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

ልጁ ጠፍጣፋ ስክሪን እስኪገዛ ድረስ አሮጌው ላይ ሊሞክር ፈልጎ ነበር። ከራስበሪ ፓይ የሚወጣውን ኤችዲኤምአይ በትንሽ አስማሚ ወደ ቪጂኤ (የድሮ ኮምፒውተር ስክሪን ሲግናል) ቀየረው። ሦስቱን የቀለም መስመሮችና ምስሉ በጊዜው እንዲሳል የሚያደርገውን የሲንክ መስመር ከስክሪኑ ጋር አገናኘ። ስክሪኑ አፏጨ። ምስሉ ተሰነጣጥቆ ይሽከረከራል። አባትየው ደንግጠው ከሶኬቱ ነቀሉት፤ ስክሪኑን ያዳነው ይህ ድንጋጤ ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። የድሮ አርኬድ ስክሪን በሰከንድ ወደ 15,700 መስመር ይስላል። 15 ኪሎኸርዝ የሚባለው ይህ ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ሲቀየር ለአንዱ ምስል የሚደርሰው 262 ያህል መስመር ነው፤ ከዚህም የሚታየው 240 አካባቢ ነው። ተራ የኮምፒውተር ቪጂኤ ግን ከ31 ኪሎኸርዝ ይጀምራል፤ እጥፍ ማለት ነው። የድሮውን ስክሪን በእጥፍ ፍጥነት እንዲሮጥ ማስገደድ መስመሩን የሚጎትተውን ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል። ሌላም ነገር አለ። የኮምፒውተር የቀለም ሲግናል 0.7 ቮልት ነው፤ አርኬድ ስክሪን የለመደው ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ቢሠራም እንኳ ምስሉ ደብዛዛ ይሆናል።

ውሳኔው

ሦስታችን ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ጠፍጣፋ ስክሪን ቀላል ነው፤ አይፈነዳም፣ አይከብድም፣ ኤችዲኤምአይ ሰክተህ ትሄዳለህ። ለብዙ ሰው ትክክለኛው ምርጫም እሱ ነው፤ ባዶ ካቢኔት የገዛ ሰው ቱቦ ስክሪን ፍለጋ አገር ማሰስ የለበትም። እዚህ ግን ስክሪኑ አለ፣ ሊጠገን ይችላል። ጌሞቹም የተሠሩት ለእሱ ነው። ሞርታል ኮምባት በሰከንድ 60 ጊዜ አይደለም ምስል የሚቀይረው፤ 54.7 ነው። ስትሪት ፋይተር 2 ደግሞ 59.6 ገደማ። ቱቦ ስክሪን ይህን ዝንፍ ሳይል ይከተላል። 60 ላይ የተቸነከረ ጠፍጣፋ ስክሪን ግን በየመሀሉ ያደናቅፋል።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። «ጋሼ፣ ምንም ሽቦ አይቆረጥ። የምንጨምረው ሁሉ ተነቅሎ የሚወጣ ይሁን።» እሳቸው ወዲያው ተስማሙ። ልጁ አኮረፈ፤ ግን ሥራውን የጨረሰው እሱ ነው።

ስክሪኑን መጠገን

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የቱቦ ስክሪን ከሶኬት ተነቅሎም ኮረንቲ ይይዛል። ጎማ መሰል ክዳኑ ስር ያለው ነጥብ ሲሠራ ወደ 20 ሺህ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ይሸከማል። ከመነካቱ በፊት መልቀቅ አለበት። ረጅም ካቻቢቴ በሽቦ ከቱቦው ጀርባ ከተዘረጋው የመሬት ሽቦ ጥልፍልፍ ጋር ይታሰራል፤ ከዚያ ጫፉ በክዳኑ ስር ቀስ ብሎ ይገባል። አንድ እጅ ብቻ ይሠራል፤ ሌላው ኪስ ውስጥ። አንዳንዴ «ጣ» ይላል፣ አንዳንዴ ምንም አይሰማም። ትንሽ ቆይቶ መድገም ነው። የቱቦው ቀጭን አንገት ከተሰበረ ደግሞ ነገሩ አበቃ። ይህን ለማያውቅ ሰው የምመክረው የሚያውቅ እንዲጠራ ነው፤ ከዩትዩብ ብቻ ተምሮ እንዲነካው አልፈልግም።

ቻሲውን (ስክሪኑን የሚያሠራውን የሰርኪት ሰሌዳ) አውጥተን ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮቹን በሙሉ ቀየርን። ለዚህ ሞዴል ተሟልቶ የታሸገ ኪት ይሸጣል። የማይክሮፋራዱ መጠን ያው መሆን አለበት፤ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ። ፕላስና ማይነስ ከተገለበጠ ይፈነዳል። ያወጣናቸው አንዳንዶቹ ከግርጌያቸው ቡናማ ፈሳሽ አንጠፍጥፈው ነበር። ልጁ አንዱን አሽትቶ «ዓሣ ዓሣ ይላል» አለ። ልክ ነው፤ የፈሰሰ ካፓሲተር እንደዚያ ይሸታል።

ከካቢኔቱ ወለል ላይ ከባድ ትራንስፎርመር አለ። ልጁ «ይሄ ለምንድን ነው? አላስፈላጊ ክብደት» ብሎ ሊያወጣው ነበር። ይህ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ነው። ኬ7000 ቻሲ የሚገባውን ኮረንቲ በቀጥታ ነው የሚጠቀመው፤ በመሀል የሚለየው ትራንስፎርመሩ ብቻ ነው። እሱን አውጥቶ በቀጥታ ግድግዳ ላይ መሰካት ፊውዝ ያቃጥላል፣ ቻሲ ያበላሻል፣ ሰውም ሊገድል ይችላል። እንዳለ ቀረ።

ሲበራ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከውስጥ የነበረው የድሮው የውጊያ ጌም ቦርድም ሕያው ሆኖ ተገኘ! እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሞቷል ብሎ ነበር የተወው። በፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ ዞር አድርገን ቦርዱ ጋ የሚደርሰውን 5 ቮልት በቴስተር አስተካከልነው፤ ከዚያ በኋላ ሳይቋረጥ ሠራ።

ቁልፎቹ

የሁለተኛው ተጫዋች ጆይስቲክ ይሠራል፣ ሦስቱ ቁልፎቹ ግን አይሠሩም። ልጁ ሦስት አዲስ ቁልፍ ሊያዝ ነበር። ሦስት ጎረቤት ቁልፎች አንድ ላይ ሲሞቱ ግን ጥፋቱ ከቁልፎቹ ላይ አይፈለግም። በነዚህ ማሽኖች የመሬት ሽቦው ከቁልፍ ወደ ቁልፍ እየዘለለ የሚሄድ አንድ ሰንሰለት ነው። አንድ ቦታ ከላላ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሰሌዳውን ገልብጠን በጣት ስንነካ አንዱ የሽቦ ጫፍ ከማይክሮስዊቹ (ከቁልፉ ሥር ካለው ትንሽ ማብሪያ) እግር ወጥቶ ተንጠልጥሏል። መልሶ መጫን ብቻ ነበር የሚፈልገው። የተቀሩትን ቁልፎች በአልኮል አጠብናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ የኮላና የላብ ድብልቅ ነበር፤ ዝርዝሩ ይቅር።

ኮምፒውተሩን ማስገባት

ራስበሪ ፓይን የሚጠላ የለም፤ ለቱቦ ስክሪን የሚሆኑ ተጨማሪ ቦርዶችም አሉት። እኛ ግን አንድ የቢሮ ትርፍ ኮምፒውተር በነፃ አግኝተን ነበር፤ አሮጌ የራዲዮን የምስል ካርድ ገጠምንበት። አሮጌነቱ እዚህ ላይ ጥቅም ነው፤ ለእነዚህ ካርዶች ሲአርቲ ኢሙድራይቨር የሚባል የተሻሻለ ድራይቨር (ካርዱን የሚያዝ ፕሮግራም) አለ፤ ካርዱ 15 ኪሎኸርዝ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ጌሞቹን የሚያጫውተው ግሩቪሜም ነው። ይህ ደግሞ የድሮ አርኬድ ጌሞችን በኮምፒውተር የሚያጫውተው የሜም ፕሮግራም ቅጂ ሲሆን ለእያንዳንዱ ጌም የራሱን የስክሪን ፍጥነት ያዘጋጃል።

ኮምፒውተሩን ከጃማ ማገናኛው ጋር ያገናኘው ጄ-ፓክ የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ነው። የጃማ ማገናኛው በአንድ በኩል ይሰካበታል፤ በሌላው በኩል ቪጂኤና ዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳሉ። ጆይስቲኩን ለኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ያቀርበዋል። የቀለሙን ሲግናል ያጎላዋል። ከሁሉ በላይ ግን ከ15 ኪሎኸርዝ ውጭ የሆነ ሲግናል ወደ ስክሪኑ እንዳያልፍ ይከለክላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆኖ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ መደናገጥ አያስፈልግም። ፕሮግራሙን ስንጭን ግን የግድ ሌላ ተራ ሞኒተር አስፈልጎን ነበር።

ጃማ በመሠረቱ ለአንድ ተጫዋች ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስትሪት ፋይተር 2 ስድስት ይፈልጋል። በድሮው ማሽን የእርግጫዎቹ ቁልፎች በተለየ ሽቦ ነበር ወደ ቦርዱ የሚሄዱት። ልጁ ለዚያ ሽቦ የሚገጥም ማገናኛ ሠራና ጄ-ፓክ ላይ ካሉት ብሎኖች ጋር አሰረው። አሁን የድሮውን ቦርድ መመለስ ሁለት ማገናኛ መንቀልና መሰካት ነው፤ ስፒከሩ ላይም ሁለት ሽቦ።

ያልተሳካውና የተስተካከለው

ድምፁ አስቸገረ። የጃማ ቦርድ ስፒከሩን ራሱ ያንቀሳቅሳል፤ ኮምፒውተር ግን ደካማ ሲግናል ብቻ ነው የሚያወጣ። ትንሽ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) አስገባን። ኮረንቲውን ከማሽኑ 12 ቮልት ላይ ስንወስድ ስፒከሩ «ሙሙሙ» ማለት ጀመረ። ኮምፒውተሩና ማሽኑ በመሬት ሽቦ በሁለት መንገድ ስለተገናኙ ነው። ለአምፑ የራሱን አስማሚ ሰጠነው፣ በድምፅ ገመዱ መሀልም አይሶሌተር (የኮረንቲ ግንኙነቱን የሚለይ ዕቃ) አስገባን። ዝም አለ።

ፓክማን ያሰቡትን ያህል አልሆነም። ፓክማን በ1980 የተሠራው ለቆመ ስክሪን ነው፤ ከላይ እስከ ታች 288 ነጥብ አለው። የእኛ ስክሪን የተጋደመ ነው፤ ከ240 አካባቢ በላይ አይችልም። ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ይጨመቃል፣ ወይ ይርገበገባል። በዚያ ላይ ጆይስቲኩ ባለ 8 አቅጣጫ ስለሆነ መታጠፊያዎቹ ላይ ይሳሳታል፤ ፓክማን አራት አቅጣጫ ነው የሚፈልገው። ከዝርዝሩ አወጡት። እናትየው ቅር ተሰኙ፤ እሳቸው የሚያውቁት ጌም ያው ብቻ ነበር።

የጌም ዝርዝሩም ሌላ ጣጣ ነበረው። ልጁ መጀመሪያ ያዘጋጀው ሜኑ ማለቂያ የሌለው ነበር። እንግዳ መጥቶ ጆይስቲኩን ይዞ ዝርዝሩን ወደ ታች እየሳበ ሳይጫወት ይሄዳል። ወደ ሠላሳ አካባቢ ሲወርድ ሰው መጫወት ጀመረ። ሕጉም ወደዚያው ይገፋል። ሜም ራሱ ከ1997 ጀምሮ ያለ፣ ከ2016 ወዲህም ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው፤ እሱን መጠቀም ችግር የለውም። የጌሞቹ ይዘት ግን ባለቤት አለው። በነፃ እንዲሠራጩ የተፈቀዱ ጥቂት ጌሞች በሜም ገጽ ላይ አሉ፤ ሙከራውን ያደረግነው በእነሱ ነው። የቀረውን በገዟቸው ስብስቦች ዙሪያ ወሰኑት።

በጣም ያበሳጨን ማጥፋቱ ነው። የድሮ ማሽን ከጀርባው ስዊቹን ጠቅ ታደርጋለህ፣ ይጠፋል። አባትየው እጃቸው ያንን ለምዷል። ኮምፒውተሩ በዚህ ሁኔታ ሲጠፋ አንድ ቀን ዊንዶውስ አልነሳ አለ፤ ሁሉም እንደገና ተጫነ። መፍትሔው ቀላል ነበር። የኮምፒውተሩን የማብሪያ ቁልፍ ሁለት ሽቦ ከጆይስቲክ ሰሌዳው ስር ወደተገጠመ ትንሽ ቁልፍ ወሰድነው። ስክሪኑና መብራቱ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ የሚያጠፋቸው ማከፋፈያ ላይ ተሰኩ። አሁን አንዲት ቁልፍ ሁሉንም ታበራለች፣ ሁሉንም በሥርዓት ታጠፋለች።

ካቢኔቱን በአጭሩ፦ ያበጠው የታችኛው ቺፑድ ተቆርጦ በኮምፔርሳቶ ተተካ፣ ስቱኮ፣ ቀለም፣ ከሥሩ የብረት እግር። ላይኛው የስም መብራት ወደ ኤልኢዲ ሲቀየር ነጠብጣብ ሆኖ ስለታየ ከፊቱ ነጭ ላስቲክ ተለጠፈ። የድሮው ጌም ስክሪኑ ላይ ያቃጠለው የጽሑፍ ጥላ ግን አልጠፋም፤ ማጥፊያም የለውም። ሲበራ አይታይም።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ስክሪኑ ሁሉን ይወስናል። ኮምፒውተሩ፣ ካርዱ፣ ሶፍትዌሩ፣ የትኞቹ ጌሞች እንደሚያምሩ ከእሱ በኋላ የሚመጡ ናቸው። መጀመሪያ ራስበሪ ፓይ ገዝቶ ስለ ስክሪን በኋላ የሚያስብ ሰው ሁለት ጊዜ ይገዛል። ጃማ ያለው ካቢኔት ካገኘህ ደግሞ ሽቦውን አትንካ። ተነቃይ ሰሌዳ ከመቁረጥ ብዙም አያስወድድም፤ ማሽኑም ዋጋውን ይዞ ይቆያል።

ኮምፒውተር ከማስገባትህ በፊት ማሽኑ በራሱ ቦርድ መሥራቱን አረጋግጥ። ባይሆን ችግር ሲመጣ ከስክሪኑ ይሁን፣ ከሽቦው፣ ከድራይቨሩ አታውቅም። እኛ ቁልፎቹንና ስክሪኑን በድሮው ቦርድ ስለጨረስን ጄ-ፓክ ሲሰካ የቀረው የሶፍትዌር ጉዳይ ብቻ ነበር። ቦርዱ የሞተ ወይም የሌለ ከሆነ ርካሽ አሮጌ የጃማ ቦርድ ለሙከራ መግዛት ያዋጣል ባይ ነኝ።

ማሽኑን ማን እንደሚያጠፋውም አስብ። ብዙ ሰው ስለ ጌሞቹ ያስባል፤ እንግዳ፣ ልጅ፣ አያት እንዴት እንደሚያበሩትና እንደሚያጠፉት ግን ይረሳል።

እንዲህ ያለ ማሽን ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ መላክ ለሚያስብ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ጥያቄው ከዘመድ ደርሶኛል። ብዙ የአርኬድ ፓወር ሰፕላዮች 115 እና 230 የሚቀይር ስዊች አላቸው፤ ስለዚህ ያ ክፍል ቀላል ነው። የስክሪኑ ትራንስፎርመር ግን ብዙ ጊዜ የሚቀበለው የአሜሪካውን 120 ቮልት ብቻ ነው። 220 ቮልት ከተሰጠው ይቃጠላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ በቂ ዋት ያለው ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ መሆኑ ምስሉን አይነካውም፤ የምስሉ ፍጥነት የሚመጣው ከጌሙ ነውና። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር ግን በ50 ላይ ትንሽ ይሞቃል፤ ካቢኔቱ ከጀርባው አየር እንዲያገኝ ከግድግዳው ራቅ አድርጎ ማቆም ነው።